የዓሣ ሆድዕቃ ወደ ሐይቁ አይጣል!
ለሐይቅ ዳር ወገኖች ሁሉ የቀረበ ጥሪ

በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በላንጋኖ፣ በጫሞና በጣና መረብ የምትጥሉ አስጋሪዎች! ከጀልባ የወረደውን ዓሣ ተቀብላችሁ የምትሰነጥቁ፣ ፊሌቶ የምታወጡ ወጣቶች! ዓሣ ጠብሳችሁ የምታበሉ እናቶችና እህቶች! ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወርዳችሁ ዓሣ የምትበሉ፣ ለልጆቻችሁ አባ ኮዳና ፔሊካን የምታሳዩ ወላጆች! የእንስሳት ሐኪሞች፣ መምህራን፣ የከተማ አስተዳዳሪዎች! ይህ ጥሪ ለሁላችሁም ነው። የምንጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው፦ ከእንግዲህ የዓሣ ሆድዕቃ ወደ ሐይቁ አይጣል፤ ለወፎችም አይወርወር።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የወፎቹ ጤና፣ የዓሣው ጥራት፣ የበላተኛው ደኅንነትና የአስጋሪው እንጀራ ከዚህች ልማድ ጋር ተያይዘዋል። የሚያያይዛቸውም ብዙዎቻችን በየቀኑ እያየን የምናልፈው ትል ነው።

በዓሣው ልብ ዙሪያ ያለው ትል

ቆሮሶ የሰነጠቀ ሰው ያውቀዋል። ልቡ የተቀመጠባት ክፍተት ስትከፈት አንዳንዴ ቀላ ያለ ትል ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ሲዘረጋ ጥቂት ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ዓሣው ከሞተ በኋላም ይንቀሳቀሳል። አምባዛ ሲሰነጠቅም በሆዱ ክፍተት ውስጥ የዚሁ ወገን ትሎች ይታያሉ። ተመራማሪዎች ኮንትራሲከም ይሉታል፤ የሰው ወስፋት የሩቅ ዘመድ ነው። የአገራችንን ሐይቆች ዓሣ የመረመሩ ባለሙያዎች በስምጥ ሸለቆም በጣናም ደጋግመው መዝግበውታል።

በዓሣው ውስጥ የምናየው ትል ግን ገና እጭ ነው። አድጎ እንቁላል የሚጥለው ዓሣ በል ወፍ ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው። ፔሊካን ወይም ኮርሞራንት የሚባለው ያ ጥቁር ጠላቂ ወፍ ትል ያለበትን ዓሣ ሲውጥ፣ እጩ ከወፉ ጨጓራ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ እዚያው ያድጋል፤ ይራባል። እንቁላሉ ከወፉ ኩስ ጋር ውሃው ላይ ይወድቃል። ከእንቁላሉ የሚወጣውን እጭ ኮፔፖድ የሚባሉ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውሃ ፍጥረታት ይውጡታል። ኮፔፖዱን ትንሽ ዓሣ ይበላዋል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቁ፤ ትልቁን ደግሞ ወፍ። ዙሩ እንዲህ ይገጥማል።

ይህ ዙር ጀልባና መረብ ከመሠራታቸው በፊትም ነበረ። ሙሉ በሙሉ እናጥፋው ብንል አንችልም፤ ጥገኛ ትሎችም የሐይቁ ሕይወት አንድ ክፍል ናቸውና ማጥፋቱም የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ዙሩን በገዛ እጃችን ማፋጠናችንን ማቆም ነው። እንዴት እንደምናፋጥነው እዩ። የዚህ ትል ዋና መኖሪያ የልቡ ዙሪያና የሆድ ክፍተቱ ነው፤ እኛ የማንበላው፣ ቆርጠን የምንጥለው ክፍል ማለት ነው። በራሱ አድኖ የሚበላ ፔሊካን የሚውጠው ሙሉ ዓሣ ነው፤ ከትሉ ጋር ሥጋውንም ያገኛል። ወደብ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ፔሊካን ግን ሥጋው ተወስዶ ትሉ የቀረበትን የብዙ ዓሣ ሆድዕቃ በአንድ ማለዳ ይውጣል። ከዚያም እዚያው ወደቡ አጠገብ፣ ቆሮሶ ጫጩቶቹን በሚያሳድግበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ይኮሳል። የትሉን እጭ ለወፉ የምናጎርሰው እኛ፤ የወፉን ኩስ በዓሣው መዋለጃ ላይ የምናከማቸውም እኛ ነን። ነገ መረባችን የሚያወጣው ዓሣ ያንኑ ትል ይዞ ቢመጣ ምን ይደንቃል?

ቢጫው ነጥብና የጣናው ትል

ሌላም አለ። በቆሮሶ ቆዳ ሥር፣ በስንጥቡ ወይም በሥጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነጥብ አይታችሁ በቢላ ጫፍ አውጥታችሁ ጥላችሁ ይሆናል። ክሊኖስቶመም የሚባል ጠፍጣፋ ትል እጭ ናት። ሳቢሳና ሌሎች ረጃጅም እግር ያላቸው ዓሣ በል ወፎች ሲውጧት ትሏ በአፋቸውና በጉሮሯቸው ውስጥ ትጎለምሳለች። ወፉ ምግብ ፍለጋ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር እንቁላሏ ይረግፋል። እጩ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው በብዛት ወጥቶ እየዋኘ የዓሣ ቆዳ ይበሳል። አንዷ ነጥብ የወፍን፣ የቀንድ አውጣንና የዓሣን ሕይወት ያገናኘች ናት ማለት ነው።

ጣና ላይ ደግሞ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ሊጉላ የሚባል ትል አለ። በሐይቁ የሚገኙ ትናንሽ የባርበስ ወገን ዓሦችን ይይዛል። ዶክተር እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ ትሉ በእነዚህ ዓሦች ላይ ያደረሰውን ጉዳት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። ሊጉላ በዓሣው ሆድ ውስጥ እያደገ ቦታውን ሁሉ ይይዛል። ሆዱ ይነፋል፤ የዘር እጢው አያድግም፤ ዓሣው መራባት ያቅተዋል። የታመመው ዓሣ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ እየተንገዳገደ ስለሚዋኝ ለወፍ ቀላል ሲሳይ ይሆናል፤ ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወፉ ሆድ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት እንቁላሉን ጥሎ ሕይወቱን ይጨርሳል። እነዚህ ትናንሽ ዓሦች የትልልቆቹ ዓሦች ምግብ ናቸው። እነሱ መራባት ሲያቆሙ ጉዳቱ እስከ አስጋሪው መረብ ይደርሳል።

ጥፋተኞቹ ወፎቹ አይደሉም

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው ወፎቹን እናባር፤ እንግደላቸው» ሊል ይችላል። ይህ ሐሳብ ገና ሳይጀመር እዚሁ ይቅር!

ፔሊካኖቹ በዝዋይ ወደብ ለምን እንደበዙ አስቡ። ነጭ ፔሊካን ከጥንት ጀምሮ ይዋለድ የነበረው በሻላ ሐይቅ ባለች ደሴት ላይ ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ለፔሊካን መንጋ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት አጠገቡ ካለው ከአቢጃታ ዓሣ እያመጡ ነበር። አቢጃታ ደግሞ የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በሚመጣለት ውሃ ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ውሃ ሲሳብ፣ ከአቢጃታ ራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲወሰድ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። ዝዋይ ወደብ ላይ ቆመው የእጃችንን የሚጠብቁት ማዕዳቸውን ያጡ ወፎች ናቸው። ቤታቸውን ያፈረስን እኛው ሆነን ሳለ ትል የበዛበትን ጥራጊ ሰጥተን «መገብናቸው» ማለት አይገባንም።

ትሉ ለወፉም ቀላል ሸክም አይደለም። ጥቂት ትል ያለበት ጤነኛ ትልቅ ወፍ ሳይታወቅበት ይኖራል። ሲበዛ ግን የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፤ ወፉ ይከሳል። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ጫጩቶች ናቸው፤ ወላጅ ወፍ ከጉሮሮው መልሶ በሚያጎርሳቸው ዓሣ ውስጥ ትሉን ገና በጎጆ ሳሉ ይቀበላሉ። አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ ግዛት የሆነው ትምህርት ይሁነን። ዩስትሮንጊላይደስ የሚባል ሌላ ትል የሳቢሳ ወገን ጫጩቶችን ጨጓራ እየበሳ በጎጇቸው ይገድላቸው ነበር። ተመራማሪዎች ምንጩን ሲከታተሉ ትሉ የበዛባቸው ዓሦች የተገኙት ፍሳሽና ማዳበሪያ በገባባቸው፣ ሰው በቆፈራቸውና ባወካቸው ውሃዎች ውስጥ ነበር። የትሉ የመጀመሪያ ማደሪያ የሆኑት የጭቃ ትሎች የሚበዙት በቆሸሸ ውሃ ሥር ነውና። ወፍ በትል መሞቱ ሰው ውሃውን ከማቆሸሹ ጋር የተያያዘ መሆኑ በዚያ ታይቷል። ሐዋሳ ሐይቅ በገጽ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የምንጥልበት ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል። የዝዋይ ጥልቀት ደግሞ በጣም በዛ ቢባል 9 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ሐይቆች የእኛን ቸልተኝነት የሚሸከሙበት ጫንቃ የላቸውም።

ሳህኑና ገበያው

ስለ ሰው ጤና ሳያስፈራሩም ሳይሸፋፍኑም መናገር ያስፈልጋል። በደንብ የበሰለ ዓሣ ትል ቢኖርበት እንኳ ትሉ ሞቷል፤ አያሳምምም። ችግሩ ጥሬው ነው። በሐዋሳም በዝዋይም ዳርቻ ዓሣን በጥሬው በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ የሚበሉ አሉ። የኮንትራሲከም ወገኖች በሕይወት ወደ ሰው ሆድ ሲገቡ፣ ደጋግሞ የሚሆን ባይሆንም፣ የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ሊነክሱና ከባድ ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ክሊኖስቶመም ደግሞ ጥሬ ዓሣ በበሉ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ማቁሰሉ በጃፓንና በኮሪያ ተመዝግቧል። ሚጥሚጣ ትል አይገድልም፤ ሎሚም አይገድልም፤ አረቄ ማስከተልም አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው፤ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ7 ቀን ማቆየት።

ገበያውን ደግሞ አስጋሪው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደንበኛ አንድ ጊዜ ፊሌቶ ላይ ቢጫ ነጥብ ወይም የሚንቀሳቀስ ትል ካየ ለወራት ዓሣ አይገዛም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ለዚህ ነው ብዙዎች ትሉን አይተው ዝም የሚሉት። አባቶች ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዝምታው ገበያውን አያድነውም። የሚያድነው ከንጹሕ ወደብ የመጣ፣ በደንብ የታየና የጸዳ ዓሣ ነው።

አብረው የተነሡ ሰዎች ያደረጉትን እንይ

ይቻላል ወይ ለሚል ሰው መልስ አለን።

ሆላንድ ውስጥ ሰዎች ሄሪንግ የሚባለውን የባሕር ዓሣ ከሞላ ጎደል በጥሬው ይበሉ ነበር። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ብርቱ የሆድ ሕመም ይዟቸው የመጡ ሰዎች አንጀት ውስጥ የኮንትራሲከም የቅርብ ዘመድ የሆነ ትል አገኙ። ሕዝቡ የሚወደውን ምግብ አልተወም፤ ዓሣ ነጋዴውም አልከሰረም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሄሪንግ ከመሸጡ በፊት በብርቱ ቅዝቃዜ እንዲቆይ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ሕመሙም እጅግ ቀነሰ። አንድ ሕግ፣ አንድ ልማድ፣ የሁሉም መታዘዝ በቃ።

ከዚህ የሚቀርበን የቻድ ታሪክ ነው። ጊኒ ዎርምን እኛም ከጋምቤላ እናውቀዋለን። ይህም ትል የሚያልፈው በእነዚያው ኮፔፖዶች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ እንደነበር ይገመታል፤ በ2023 የተመዘገቡት ታማሚዎች 14 ብቻ ነበሩ። ክትባት አልተገኘለትም፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። እዚህ የደረሰው የመንደር ሰዎች ውሃቸውን በጨርቅ እያጣሩ፣ የታመመውን ከኩሬ እየከለከሉ፣ በየቤቱ እየዞሩ እየተማማሩ ነው። ቻድ ውስጥ ትሉ ውሾችን መያዝ ሲጀምር በሻሪ ወንዝ ዳር ላሉ ዓሣ አስጋሪ መንደሮች የተሰጠው ምክር ምን ነበር? የዓሣ ሆድዕቃ ቅበሩ፤ ዓሣ በደንብ አብስሉ፤ ውሾቻችሁን እሰሩ። መንደርተኞቹ ጉድጓድ ቆፍረው ሆድዕቃውን ቀበሩ። ከእኛ ያልበለጠ ገንዘብ ያላቸው፣ ከእኛ ያነሰ የመንገድና የመብራት አገልግሎት ያላቸው ሰዎች ያደረጉትን ዝዋይና ሐዋሳ ለምን ያቅታቸዋል?

ለወጣት ተመራማሪዎቻችን ደግሞ የአክሊሉ ለማን ስም እንጥራ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ ባለ ወንዝ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ አየ። የቢልሃርዚያን ትል ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ መሆኑን ያወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሌላው አይቶ ያለፈውን እሱ ቆሞ ጠየቀ። በየወደባችን ዓሣ ሲሰነጠቅ የሚታየውን ነገር ቆሞ የሚጠይቅ፣ የሚቆጥር፣ የሚመዘግብ ወጣት ዛሬም እንፈልጋለን።

ምን እናድርግ?

አስጋሪዎችና ማኅበሮቻችሁ! መጀመሪያው ከእናንተ ነው። በየወደባችሁ ዓሣ የሚሰነጠቅበትን ቦታ ከውሃው ጠርዝ አርቁት። ክዳን ያላቸው በርሜሎች አስቀምጡ። ውሃ ሲሞላ ከማይደርስበት ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። በየቀኑ የተጠራቀመውን ቀብራችሁ ውሻም አባ ኮዳም እንዳያወጣው አፈር በደንብ መልሱበት። ከገለባና ከአፈር ጋር እየደረባችሁ ብታብላሉት ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። በደንብ የተቀቀለ ሆድዕቃ ለዶሮ መኖም ያገለግላል። ጥራጊ ብለን የምንጥለው ነገር ለአንዲት እናት የዶሮ እርባታ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ላይ ሳላችሁ የምትሰነጥቁም ብትሆኑ ሆድዕቃውን በባልዲ ይዛችሁ ውጡ። የዝዋይን ደሴቶች ከማንም በፊት የምታውቁ የዛይ ወገኖቻችን፣ በታንኳ ዘመን የነበራችሁን የሐይቅ አክብሮት ለወጣቶቹ አስተምሩልን።

ፊሌቶ የምታወጡ ወጣቶች! ዓሣውን ስትሰነጥቁ የልቡን ዙሪያ እዩ። ሥጋውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ትል ያለበትን ክፍል ቆርጣችሁ በርሜል ውስጥ ክተቱ። የት እንደተያዘና ምን ያህል እንደታየበት የሚመዘገብበት ደብተር በየወደቡ ይኑር። ከእናንተ በላይ ብዙ ዓሣ የሚከፍት ተመራማሪ የለም፤ ዓይናችሁ ለአገር የሚጠቅም ዕውቀት ይሰበስባል።

ምግብ ቤቶችና ዓሣ ጠባሾች! ዓሣው እስከ መሃሉ ይብሰል፤ ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነካ መፈረፈር አለበት። ለብለብ ስታዘጋጁም እሳቱ ውስጡ ድረስ ይግባ። ጥሬ ለሚጠይቅ ደንበኛ ምክንያቱን በአክብሮት ንገሩት። ግድግዳችሁ ላይ «የእኛ ዓሣ የሚሰነጠቀው ንጹሕ ወደብ ላይ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደንበኛ ይበዛላችኋል።

እንግዶች! ልጆቻችሁ ወፎቹን ሲያዩ ደስ ይበላቸው፤ ሆድዕቃ ግዙና ወርውሩ ስትባሉ ግን እምቢ በሉ። ያንኑ ብር ስለ ወፎቹ ለሚያስረዳችሁ ወጣት ክፈሉት። ንስሩ በገዛ ጥፍሩ ዓሣ ሲነጥቅ፣ ፔሊካኖች በኅብረት ዓሣ ከብበው ሲያድኑ ማየት ለልጅ ከማንኛውም ትርኢት ይበልጣል።

የእንስሳት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች! የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የዝዋይና የሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች፣ ጥናታችሁ በመደርደሪያ አይቅር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሲዳምኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ወደቡ ላይ ለጥፉልን። የሞተ ወፍ ሲገኝ ማንም በባዶ እጁ ሳይነካው የሚጠራው ሐኪም ማን እንደሆነ ይታወቅ። ወፉ ተመርምሮ በምን እንደሞተም ለመንደሩ ይነገር። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የአገራችንን ወፎች ሲያጠናና ሲቆጥር ኖሯል። የየሐይቁ ዳር ተማሪዎችም፣ ክበብ አቋቁማችሁ ቆጠራውን ተቀላቀሉ።

አስተዳዳሪዎች! የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው። አዋጁን ለማስፈጸም በየክልሉ በምታወጡት ደንብና መመሪያ ውስጥ የወደብ ንጽሕናና የሆድዕቃ አወጋገድ ግልጽ ቦታ ይሰጠው። ውሃ፣ የመሰንጠቂያ ጠረጴዛ፣ በርሜልና ጥራጊውን የሚያነሣ ጋሪ ለአንድ ከተማ ከባድ ወጪ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ግዴታችሁም አይረሳ፦ ቡልቡላ ውሃ ይፍሰስ፤ አቢጃታ ይመለስ። ፔሊካን የራሱን ዓሣ የሚያድንበት ሐይቅ ሲኖረው ከወደባችን ላይ የእጅ ጥራጊ መጠበቁን ይተዋል።

ለሚነሡ ጥያቄዎች

«ወፎቹ ከሄዱ ጎብኚ ይቀራል» የሚሉ አሉ። ወፎቹ ከሐይቁ አይሄዱም። ሐይቁ ዓሣ እስካለው፣ ዳርቻው ሸምበቆና ቄጠማ እስካለው ይኖራሉ። ጎብኚውም የሚመጣው ለእነሱ ነው። የሚቀረው ሽታውና የዝንቡ መንጋ ነው። ሆድዕቃ ለጎብኚ እየሸጡ ዕለታዊ ገቢ የሚያገኙ ልጆች ግን አይገፉ። አስጎብኚነት ይሠልጥኑ፤ የወፎቹን ስም ይማሩ፤ ማኅበራቱ የሩቅ ማያ መነጽር ገዝተው ያከራዩላቸው። ይህን ሳናዘጋጅ «አትወርውሩ» ብንል የልጆቹን ጉርሻ ነጠቅን ማለት ነው።

«ትል ጥንትም ነበረ፤ አባቶቻችን በልተው ኖረዋል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ትሉ ጥንትም ነበረ። ጥንት ያልነበረው በአንድ ወደብ ላይ በየማለዳው የሚከማቸው የሆድዕቃ ክምር፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ፣ የሸሸው አቢጃታና በአንድ ቦታ የተጨናነቀው የወፍ መንጋ ነው። አባቶቻችን ያልነበረባቸውን ሸክም እነሱ በኖሩበት ልማድ መሸከም አይቻልም።

«እኔ ብቻዬን ብተው ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ አስጋሪ ብቻውን ቢቀብር የጎረቤቱ ሆድዕቃ ወፎቹን ይጠራል፤ ትሉም ይቀጥላል። ሐይቁ የጋራ ነው፤ ዓሣው ድንበር አያውቅም፤ ወፉም ከዝዋይ ተነሥቶ ሐዋሳ ያርፋል። ስለዚህ ይህ ሥራ በማኅበር፣ በወደብ፣ በከተማ ካልሆነ አይሠራም። ጥሪ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከሚመጣው ሁዳዴ በፊት

በዓመት ውስጥ ዓሣ ከሁሉም ይበልጥ የሚፈለገው በጾም ወራት፣ በተለይም በሁዳዴ ነው። መረቡ የሚበዛው፣ ቢላው የማያርፈው፣ ሆድዕቃውም የሚቆለለው ያኔ ነው። ስለዚህ ቀነ ቀጠሮ እንያዝ። የሚመጣው ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአስጋሪዎች ማኅበር አንድ ስብሰባ ይጥራ። ስብሰባው ሦስት ነገር ወስኖ ይነሣ፦ የመሰንጠቂያው ቦታ የት እንደሚሆን፣ ጉድጓዱን ማን እንደሚቆፍርና ማን ተራ እንደሚጠብቅ፣ ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚከፍል። ዕድሮቻችን ቀብር ላይ የቀረ ሰው የሚቀጣበትን ደንብ ማንም ሳያዛቸው ጽፈው ለትውልድ አቆይተዋል። ለሐይቃችን ያንኑ ያህል ደንብ መጻፍ አያቅተንም።

ዝዋይ ከጀመረች ሐዋሳ ትከተላለች። ሐዋሳ ከጀመረች አርባ ምንጭና ባሕር ዳር አይቀሩም። ይህን ጥሪ የምታነቡ ሁሉ ነገ ጠዋት ወደ ቅርብ ወደባችሁ ውረዱ፤ ማኅበሩን አነጋግሩ፤ በርሜል የሚገዛበትን ብር አዋጡ፤ አካፋ ያላችሁ አካፋ ይዛችሁ ኑ። ለሐይቁ፣ ለወፎቹና ለልጆቻችን ማዕድ ስንል ጉድጓዱን አብረን እንቆፍር፤ ሆድዕቃውንም አብረን እንቅበር!